አዲሶቹን ጎማዎች ፊት ማስገጠምህ ነው ያዞረህ

አንድ ወንድማችን ከደብረ ማርቆስ ጥያቄ ልኳል። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፤ ቃሉ ግን የራሱ ነው።

«ጋሼ፣ ባለፈው ሐምሌ ከማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ስሄድ ቲሊሊን አልፌ ኮሶበር ሳልደርስ ኃይለኛ ዝናብ ያዘኝ። መኪናዬ ቪትዝ ናት፤ ብቻዬን ነበርኩ። ፍጥነቴ 80 ገደማ ነው፤ ከዚያ አይበልጥም። መንገዱ ለስለስ ባለ ቁልቁለት ወደ ግራ ይታጠፋል። መታጠፊያው ላይ ውሃ አስፋልቱን አቋርጦ ይፈሳል። ውሃውን ሳይ እግሬን ከነዳጁ አነሳሁና ፍሬን ነካ አደረግኩ። ወዲያው ኋላዋ ወደ ቀኝ ወጣ። የፎርሙላ ዋን ነጂዎች በቪዲዮ ሲያደርጉ እንዳየሁት መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩ። ተመለሰችልኝ ስል ወደ ቀኝ ተወርውራ ዞረች። ከአስፋልቱ ወጥታ የሰው ድንች ውስጥ፣ አፍንጫዋን ወደ ቲሊሊ አዙራ ቆመች። እግዚአብሔር ይመስገን እኔም አልተጎዳሁ፣ ሰውም አልነካሁ። ጎማዬ ችግር የለበትም፤ እንዲያውም ሰኔ ላይ ሁለት አዲስ ገዝቼ ለጥንቃቄ ፊት አስገጥሜአለሁ። እነሱ እየበረሩ የሚያድኗትን እኔ በ80 ለምን አቃተኝ? ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ፣ ወንድምዓለም። የድንቹን ባለቤት እንደካስክም ተስፋ አደርጋለሁ። ሐምሌ ላይ ድንች የገበሬው ቀለብ ነው።

ጥያቄህ ስለ እጅህ ነው። መሪውን ወዴት፣ በምን ፍጥነት ልጠምዝዝ ነው የምትለው። ዋናው መልስ ግን እጅህ ላይ አይደለም። እንደ ዘበት የጣልካት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። «ሁለት አዲስ ገዝቼ ለጥንቃቄ ፊት አስገጥሜአለሁ» ያልካት። እሷ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። ያዞረችህ እሷ ናት።

አንተን ለመውቀስ አይደለም። የማውቃቸው ጎሚስታዎች አብዛኞቹ ሳይጠይቁህ አዲሱን ፊት ይገጥማሉ። ባለ መኪናውም ደስ ይለዋል። መሪው የሚያዞረው የፊቱን ነው። ቪትዝ ላይ ሞተሩም የሚጎትተው በፊቱ ነው። ፍሬኑም ፊት ላይ ይበረታል። የፊቱ ቶሎ ስለሚበላም ባለቤቱ ዓይኑ እሱ ላይ ነው። ስለዚህ አዲሱ ፊት፣ አሮጌው ኋላ። በጋ ላይ ማንም አይቀጣህም። ክረምት ሲገባ ነው ሒሳቡ የሚመጣው።

ጎማ ጥርስ ያለው ለጭቃ ብቻ ይመስለናል። አስፋልት ላይ የጥርሱ ዋና ሥራ ውሃ መቅዳት ነው። እስኪ አብረን እናስላ። የቪትዝ ጎማ ወርዱ 16 ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ነው። በ80 ስትሄድ በሰከንድ 22 ሜትር ትጓዛለህ። አስፋልቱ ላይ ሁለት ሚሊሜትር ውሃ ብቻ ቢኖር እያንዳንዱ ጎማ በየሰከንዱ 7 ሊትር ውሃ ከፊቱ ማስወገድ አለበት። ይህ ማለት አንዱን ቢጫ ጀሪካን ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ መቅዳት ነው። አንተ ያየኸው ደግሞ አቋርጦ የሚፈስ ውሃ ነው። አምስት ሚሊሜትር ከነበረው በየሰከንዱ አንድ ጀሪካን ሊሆን ምንም አልቀረውም። ያውም መሬቱን የሚነካው የጎማው ክፍል ከመዳፍህ ብዙም አይበልጥም። ውሃውን ገፍቶ አስፋልት ለመንካት ያለው ጊዜ ከመቶ አንድ ሰከንድ ያንሳል።

አዲስ ጎማ ሰባት ስምንት ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ጥርስ ይዞ ይመጣል። ውሃው በዚያ ቦይ ይወጣል። ጥርሱ ሲያልቅ ግን መውጫ ያጣል። ከፊት ይከመራል፣ ከሥር ይገባል፣ ጎማውን ያነሳዋል። ያን ጊዜ መኪናህ አስፋልት ላይ አይደለችም። ጣና ላይ እንዳለች ታንኳ ናት፤ ቀዛፊ የሌላት።

አሁን ያንተን መታጠፊያ እንየው። የፊት ጎማዎችህ አዲስ ናቸው። ውሃውን ቀድተው አለፉ። መሪው እጅህ ላይ ጠንከር ብሎ ተሰማህ፤ ምንም የሚያስጠረጥር ነገር የለም። ኋላ ያሉት አሮጌዎቹ ደረሱ። «የፊቱ ጠርጎላቸው የለ?» ትለኝ ይሆናል። ቀጥታ መንገድ ላይ ትንሽ ይጠርግላቸዋል። መታጠፊያ ላይ ግን የኋላ ጎማ የፊቱን ፈለግ በትክክል አይከተልም። ስለዚህ አዲስ ውሃ ላይ ነው የወጣው። እሱም ተንሳፈፈ።

በዚያ ላይ ቪትዝ ኋላዋ ቀላል ነው። ሞተሩም ካምቢዮውም ፊት ነው፤ አንተ ብቻህን ነህ፤ ኋላ ወንበር ላይ ሰው የለም። ይህም አልበቃ፣ እግርህን ከነዳጁ አንስተህ ፍሬን ነካህ። ፍሬን ስትነካ ሰውነትህ ወደ ፊት ዘንበል እንደሚል ሁሉ የመኪናዋም ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። ያለችውን ትንሽ ጭነት ከኋላ ጎማዎች ላይ ቀነስክ። አሮጌ ጥርስ፣ ቀላል ኋላ፣ መታጠፊያ ላይ ፍሬን። ሦስቱ ተገናኙ። ኋላዋ ወደ ውጭ ሄደ። አንተ መሪውን ወደ ቀኝ ከማዞርህ በፊት ነገሩ አልቆ ነበር።

አሮጌዎቹ ፊት ቢሆኑስ ኖሮ? ያኔም ጥሩ አይሆንም ነበር። መሪው ድንገት ቅልል ይልብሃል፤ አልታዘዝ ይላል፤ መኪናዋ ሳትታጠፍ ቀጥ ብላ ልትሄድ ትፈልጋለች። ትደነግጣለህ። ግን እግርህን ብታነሳ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፣ ፍጥነቷ ይቀንሳል፣ ጎማው እንደገና አስፋልት ያገኛል። የፊት ጎማ ሲከዳህ በመሪው በኩል ይነግርሃል። የኋላው ሲከዳህ የሚነግርህ የለም፤ በመስኮት የምታየው ነገር መዞር ሲጀምር ነው የምታውቀው። ትልልቆቹ ጎማ አምራቾች ሁለት አዲስ ከገዛህ ኋላ አድርገው የሚሉት ለዚህ ነው። የፊትም ሆነ የኋላ ጎማ የሚጎትታት መኪና ብትሆን ያው ነው።

እሺ፣ ወደ እጅህ ልምጣ። መሪውን ወደ ቀኝ ማዞርህ ትክክል ነበር። ኋላዋ ወደ ቀኝ ሲወጣ የፊት ጎማዎችን ወደ ቀኝ ማዞር፣ ማለትም መሄድ ወደፈለግክበት አቅጣጫ መጠቆም፣ ማንም አስተማሪ የሚነግርህ ነው። ችግሩ መመለሱ ላይ ነው። ውሃው ጠባብ ነበር። በ22 ሜትር በሰከንድ አራትና አምስት ሜትር ውሃ ለማለፍ ሩብ ሰከንድ በቂ ነው። አንተ መሪውን ጠምዝዘህ በያዝክበት ቅጽበት የኋላ ጎማዎች ደረቅ ቢጤ አስፋልት አገኙ። ያዙ። የፊት ጎማዎችህ ግን አሁንም ወደ ቀኝ ያያሉ። አዲስ ናቸው፤ አጥብቀው ይይዛሉ። ወዳዩበት ወሰዱህ። «ተመለሰችልኝ ስል ተወረወረች» ያልከው ይህንን ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳው በመጀመሪያው መንሸራተት አይደለም፤ በሁለተኛው፣ በመልሱ ነው። እጅ ሲጠመዝዝ ይፈጥናል፤ ሲመልስ ይዘገያል።

በቪዲዮ የምታያቸው ሰዎች ለምን ይሳካላቸዋል? አንደኛ፣ የፎርሙላ ዋን መሪ ትንሽ ነው የሚዞረው፤ ነጂው እጁን ከመሪው ሳያነሳ ነው ሁሉንም የሚያደርገው። የቪትዝ መሪ ከዳር እስከ ዳር ሦስት ዙር ገደማ ይሄዳል። አንተ ክንድህ ተጠላልፎ ሳለ እሱ መልሶ ጨርሷል። ሁለተኛ፣ እሱ ኋላዋ እንደሚወጣ እየጠበቀ ነው የሚገባው። መኪናዋን በመቀመጫው ነው የሚያዳምጣት፤ ዓይኑ ሳያይ ወገቡ ያውቃል። ሦስተኛ፣ ጎማው ሌላ ነው። ፒሬሊ ለከባድ ዝናብ የሚሠራው የፎርሙላ ዋን ጎማ በ300 ኪሎሜትር ፍጥነት አንዱ ብቻ በሰከንድ እስከ 85 ሊትር ውሃ ያስወግዳል ይላል። ከአራት ጀሪካን በላይ በሰከንድ፣ በአንድ ጎማ! የአንተ ሁለት አሮጌዎች አንዷን ጀሪካን አቅቷቸው ነው የተንሳፈፉት።

አራተኛው ደግሞ ማንም የማይነግርህ ነው። እነሱም አይሳካላቸውም። ያዳኑበትን ሰው ያጋራል፤ ያላዳኑበትን ትዘነጋለህ እንጂ ሞልቷል። በ2003 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ብራዚል፣ ኢንተርላጎስ ላይ ዝናብ ጥሎ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ውሃ ልክ እንዳንተ መንገዱን አቋርጦ ይፈስ ነበር። እዚያች ቦታ ሞንቶያ ወጣ። በተን ወጣ። ሚካኤል ሹማኸር ወጣ፤ ያኔ የአምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። በ2007 ደግሞ ጀርመን፣ ኑርበርግሪንግ ላይ ውድድሩ እንደተጀመረ ዶፍ ወረደ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ኩሬ ሆነ። በተን፣ ሃሚልተን፣ ሮዝበርግ፣ ሱቲል እየተከታተሉ ተንሳፈው ጠጠሩ ውስጥ ገቡ። ሃሚልተንን በክሬን አንስተው ነው የመለሱት። ፍሬን እየያዙ፣ መሪ እየጠመዘዙ፣ ምንም። የሚንሳፈፍ ጎማ ሹፌር አይመርጥም። እነሱን ያተረፋቸው ሰፊው ጠጠር ሜዳ ነው። እኛ ጋ ከአስፋልቱ ዳር ያለው ቦይ ነው፤ አለዚያም አህያ የምትነዳ እናት።

ደሞ የውድድር ሰዎች ዝናብ ሲጥል የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ፤ ከመሪ ጥምዘዛው ይልቅ ይሄንን ብትቀዳባቸው በወደድኩ። መስመራቸውን ይቀይራሉ። በደረቅ ጊዜ ሁሉም የሚሄድበት መስመር ላይ የጎማ ላስቲክ ተለቅልቆበታል፤ ደረቅ ሲሆን ይይዛል፣ ሲርስ ሳሙና ይሆናል። ስለዚህ ከዚያ መስመር ወጣ ብለው ሻካራውን አስፋልት ይፈልጋሉ። እኛስ ጋ? የከባድ መኪና ጎማ የሰረጎደው ሁለት ቦይ አለ አይደል? ገልባጩና ተሳቢው ሲመላለስበት የከረመ። ዝናብ ሲጥል ውሃ የሚተኛው እዚያ ነው። ሁላችንም ደግሞ ጎማችንን አስተካክለን እዚያው ቦይ ውስጥ እንነዳለን። ከፊት የሚመጣ ከሌለ አንድ ጎማ ወርድ ያህል ወደ ጎን ፈቀቅ በል፤ ጉብታው ላይ ሂድ። ከፊትህ መኪና ካለ ደግሞ ርቀትህን ጠብቀህ ፈለጉን ተከተል፤ እሱ ከቀዳው ውሃ የቀረው ትንሽ ነው።

የመጀመሪያው ዝናብ ለብቻው ነው። ግንቦት መጨረሻ፣ ሰኔ መግቢያ። በጋውን ሙሉ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመ የናፍጣ ጠብታ፣ ዘይት፣ አቧራ፣ እበት አለ። ገና ካፊያው ሲነካው ይላቁጣል። ሰው «ይቺ ምን ዝናብ ናት» ብሎ የሚነዳባት ሰዓት ናት መጥፎዋ። ወደ ቢቸና፣ ወደ ሞጣ በኩል ደግሞ ከእርሻ የሚወጣ ጎማ ዋልካ ይዞ አስፋልት ላይ ይወጣል። ዋልካ ሲርስ እንዴት እንደሚያንሸራትት ለጎጃም ሰው አልነግርም። እናንተ በእግራችሁም ታውቁታላችሁ።

የራሴን ልንገርህና ትንሽ ይቅለልህ። ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ባዶ ፒክአፕ ይዤ ከደጀን ወደ ዓባይ እየወረድኩ ነበር፤ ነሐሴ፣ ጭጋጉ ገደሉን ሞልቶታል። ከጎኔ አንዲት አሮጊት ከደጀን አሳፍሬ ነበር። ጭነት የለኝም፤ የሚጎትተው የኋላ ጎማ ነው። ፍሬን አላበዛም ብዬ፣ ብልጥ ነኝ ብዬ፣ መታጠፊያ ውስጥ ሳለሁ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ቀነስኩና ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩት። አለቀቃቀቄ ድንገተኛ ነበር። ሞተሩ የኋላ ጎማዎቹን ያዘ፤ ልክ የእጅ ፍሬን እንደሳብኩ ሆነ። ኋላዋ ሄደ። ዓለም ዞረ። የቆምነው በግድግዳው በኩል ነው፤ ፓራውልቱ ድንጋዩን ሳመው። በሌላው በኩል ቢሆን ይህን አልጽፍልህም ነበር። ዝም ተባባልን። ከዚያ አሮጊቷ ነጠላቸውን አስተካከሉና «ልጄ፣ እዚሁ አውርደኝ፤ የቀረውን በእግሬ እጨርሰዋለሁ» አሉኝ። ድልድዩ ገና ሩቅ ነበር።

ያን ጊዜ እኔም እንዳንተ ስለ መሪው ነበር የተማርኩ የመሰለኝ። ጥፋቴ ግን ከመታጠፊያው በፊት ነበር። ማርሹን ቀጥታው ላይ ቀንሼ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቅቄ መግባት ነበረብኝ። ያንተም እንዲሁ ነው፤ ፍሬኑ ቀጥታው ላይ፣ መታጠፊያው ላይ ምንም። አንድ ነገር ብቻ። ጎማ ያለችው ጉልበት አንድ ናት፤ ወይ ታቆምሃለች፣ ወይ ታጥፍሃለች። ሁለቱን እኩል ስትጠይቃት እርጥብ ቀን ላይ አይበቃትም።

ስንት ይበቃል ካልክ፣ እጅግ ግምታዊ ቢሆንም ቁጥር ልስጥህ። እርጥብ አስፋልት ከደረቁ የመያዝ አቅሙ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። በደረቅ ቀን በ75 ጥግ ድረስ ሄዳ የምትታጠፍበት መታጠፊያ፣ ሲርስ ጥጉ 55 ገደማ ነው። ጥጉ አልኩህ፤ አንተ ከጥጉ በታች ነው መሆን ያለብህ። በ80 ፍሬን ረግጠህ ደረቅ ላይ 34 ሜትር ገደማ የምትቆመው፣ እርጥብ ላይ 60 ሜትር ያልፋል። እግርህ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ የምትሄደውን ሃያ ምናምን ሜትር ሳልቆጥር ነው።

ንፋሱን ደግሞ አትርሳ። የአሜሪካው ናሳ በ1960ዎቹ የአውሮፕላን ጎማ በውሃ ላይ ሲንሳፈፍ አጥንቶ ያወጣት ቀላል ስሌት አለች። የጎማውን ንፋስ፣ ጎሚስታው «ሠላሳ ልሙላው?» የሚልህን ቁጥር፣ ዳግም ዘሩን ትወስዳለህ፤ በ16 ተኩል ግድም ታባዛዋለህ። የሚወጣው መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት በኪሎሜትር ነው። በ30 ብትሠራው 90 አካባቢ ይመጣል። በ20 ብትሠራው 75 አካባቢ። ጥርሱ ላለቀ ጎማ ወይም ከጥርሱ ለሚበልጥ ውሃ ነው የሚሠራው፤ የመኪና ጎማ ላይም በትክክል አይገጥምም። አካሄዱ ግን ያው ነው። ቀስ እያለ የሚተነፍስ ጎማ ካለህ በ80 ከሚይዘው ወገን ወደሚንሳፈፈው ወገን ያሻግርሃል። ኋላ ጎማህን ማን ለክቶልህ ያውቃል? ሰው የሚያየው የፊቱን ነው።

አሁን በቀጥታ የጠየቅከኝ፤ ከሆነ በኋላ ምን ላድርግ? ሁለት የተለያየ ነገር ነው። መሪው ቅልል ካለህ፣ ሞተሩ ድምፁን ከፍ ካደረገ፣ ውሃው ከሥር ሲመታ ከሰማህ፣ ተንሳፈሃል። ፍሬን አትንካ። መሪውን አትጠምዝዝ፤ መንገዱ ወዳለበት አቅንተህ ያዝ። እግርህን ከነዳጁ ቀስ ብለህ አንሳ። ጠብቅ። መጠበቁ ነው ከባዱ፤ ሩብ ሰከንድ አንድ ዓመት ይሆንብሃል። ጎማው መሬት ሲያገኝ ቀጥ ብሎ ካገኘው ምንም አይፈጠርም።

ኋላዋ ከወጣ ግን ዓይንህን መሄድ ወደምትፈልግበት አስፋልት ላይ ትከል። ገደሉን ካየህ እጅህ ወደ ገደሉ ይወስድሃል። እጅህ ዓይንህን ይከተል። የምትመልሰውን ትንሽ መልስና፣ መመለስ ስትጀምር፣ ገና ሳትስተካከል፣ አንተም መሪውን መፍታት ጀምር። ቀጥ ካለች በኋላ መፍታት ብትጀምር ዘግይተሃል። እንቢ ብላ ከዞረች፣ ከጎንህ በኩል መንገዱን ማየት ከጀመርክ፣ ማዳን ተወው። በዚህ ጊዜ የውድድር አሠልጣኞች ሁለቱንም እግር ታች ይላሉ። ፍሬንና ፍሪሲዮን፣ እስከ መጨረሻው። አውቶማቲክ ከሆነች ፍሬኑ ብቻ። የተቆለፈ ጎማ ያለው መኪና በተወረወረበት አቅጣጫ ይንሸራተታል እንጂ ድንገት ይዞ ወደማታውቀው አይወረውርህም።

ኤቢኤስ፣ ፍሬን ስትረግጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው፣ አለኝ ትል ይሆናል። መልካም፤ በነገራችን ላይ ፎርሙላ ዋን ላይ ከ1994 ጀምሮ ክልክል ነው፤ በዚህ ትበልጣቸዋለህ። ግን የሚሠራው ጎማው የሚይዘው ነገር ሲኖር ነው። ውሃ ላይ የሚያነጋግረው የለም። መኖሩንም አረጋግጥ። ቁልፉን ስትከፍት ዳሽቦርዱ ላይ መብራቷ በርታ መጥፋት አለባት። ጭራሽ የማትበራ ከሆነ ወይ የለህም፣ ወይ አንድ «ባለሙያ» እንዳትረብሽህ ብሎ አምፖሏን አውልቋታል። አይቻለሁ።

ጎማውን እንዲህ አድርግ። አዲሶቹን ነገ ወደ ኋላ አዛውር። ከዚያ አሮጌዎቹን እይ። ክብሪት ውሰድና ራሱን ቦዩ ውስጥ ክተተው። የክብሪቱ ራስ ካልሰመጠ ያ ጎማ ለክረምት አይሆንም። በቦዮቹ መሐል ትንንሽ ጉብታዎች ታያለህ፤ 1.6 ሚሊሜትር ላይ ናቸው። ጥርሱ ከነሱ እኩል ከሆነ ለበጋም አይሆንም። የእርጥብ መንገድ አቅሙ ግን ከዚያ በፊት፣ ሦስት ሚሊሜትር ሲደርስ ነው ክፉኛ መውረድ የሚጀምረው። ጥርሱ ጥሩ መስሎ ላስቲኩ የደረቀም አለ፤ ያገለገለ ጎማ ከሆነ በተለይ። ጎኑ ላይ ከረጅሙ ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2316 ካለ በ2016፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ በፈረንጅ እንጂ በእኛ እንዳይመስልህ። የእኛ መስሎት ሰባት ስምንት ዓመት አሮጌ ጎማ እንደ አዲስ የገዛ ወዳጅ አለኝ።

አንድ ነገር ሳልልህ አላቆምም፤ በደብዳቤህ ስላላነሳኸው። ድንቹ ውስጥ ከቆምክ በኋላ ምን አደረግክ? ሰው ተሰብስቦ፣ መኪና ቆሞልህ፣ እዚያው መታጠፊያው ላይ ስትገፉ ነበር? ውሃው እኮ አልሄደም። አንተን ያዞረህ ቀጣዩንም በዚያው ቦታ ያዞረዋል። በ2014 ጃፓን፣ ሱዙካ ላይ በዝናብ ሱቲል ወጣ። የሱን መኪና ለማንሳት ከባድ ማሽን ገባ። በሚቀጥለው ዙር ዡል ቢያንኪ እዚያው መታጠፊያ ላይ መቆጣጠር አቅቶት ወጣና ከማሽኑ ጋር ተጋጨ። በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ሕይወቱ አለፈ። ስለዚህ መጀመሪያ ሰዉን ከመታጠፊያው ውጫዊ ጎን አርቅ። አንድ ሰው በመጣህበት በኩል፣ ከመታጠፊያው ወደ ኋላ መቶ ሜትርና ከዚያ በላይ ወጥቶ፣ ቅጠልም ቢሆን፣ ጃንጥላም ቢሆን ያውለብልብ። መኪናዋ ድንች ውስጥ ትደር፤ የትም አትሄድም።

መለማመድ እፈልጋለሁ እንዳትለኝ፤ አስፋልት ላይ አይሆንም። ኮሶበር ላይ ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ አይተህ ይሆናል። ያ ሁሉ ፈረስ የሚበርረው በጥር ነው፤ ሜዳው ደርቆ። ሐምሌ ላይ እዚያው ሜዳ ላይ እንደዚያ የሚጋልብ ፈረሰኛ አላየሁም። ፈረሱም እሺ አይልም።

ጎማዎቹን ካዛወርክ በኋላ የአሮጌዎቹን አራት ቁጥር ላክልኝ። የክብሪቱንም ነገር ንገረኝ።